የጭነት ከብት ቁስልና የነጋዴው ሒሳብ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለቤትና ለመንደር ብቻ የተነገረ ሳይሆን ለንግድ ሥራም የሚጠቅም ምክር ነው። ነጋዴ የተባለ ሁሉ እህሉ እንዳይነቅዝበት፣ ሲሚንቶው ርጥበት ነክቶት እንዳይበላሽበት ዘወትር ይጠነቀቃል። ነገር ግን ይህንኑ ዕቃ ከመጋዘን ተቀብሎ እስከ ገዥው ደጅ የሚያደርሰውን የጭነት ከብት ጀርባውን ገልጦ የሚመለከት ከመካከላችን ምን ያህል ሰው ይገኛል? ይህን ጥያቄ ማንንም ለመውቀስ አላነሣሁትም፤ እኔ ራሴ ለብዙ ዓመታት ሳልመለከት የኖርኩ ነኝና።

በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል በሚገኘው በኮዬ ፈጬ፣ የሕንፃ መሣሪያና የእህል ንግድ ቤት ባላቸው አንድ ነጋዴ ዘንድ በጸሐፊነት እሠራለሁ። ኮዬ ፈጬ ቀድሞ የእርሻ ማሳ የነበረ ሲሆን ዛሬ እጅግ ብዙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የተሠሩበት ሰፊ ሰፈር ሆኗል። ይሁን እንጂ ቤቱ ተሠርቶ ሰው ቢገባበትም ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድ ሁሉ ገና አልተስተካከለም፤ በክረምት ጭቃው መኪና ይይዛል። ስለሆነም ከዋናው መንገድ ላይ የወረደው ዕቃ ከየሕንፃው ደጅ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በአህያ ጀርባ ነው።

ዕቃ ከሚያመላልሱልን ባለ አህዮች አንደኛው በዚያው አገር ገበሬ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። መሬታቸው ለቤት ሥራ ከተወሰደ ወዲህ ቤተሰባቸውን የሚያስተዳድሩት በሁለት አህዮች ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት አንድ ቀን ጠዋት ከሁለቱ የአንደኛዋ ጭነት ሲራገፍ፣ ጀርባዋ ቆስሎ ዝንብ ወርሮት፣ ከቁስሉም መጥፎ ሽታ ሲወጣ አየሁና፣ «አባባ፣ ይህች አህያ እኮ ታማለች፤ ለምን አያሳርፏትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፣ «ልጄ፣ እርሷ ካረፈች እኛ ምን እንበላለን? የተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብቼላታለሁ፤ ይሽርላታል» ሲሉ መለሱልኝ። እኔም ሥራ ይዞኝ ነበርና የማስረከቢያውን ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። በወረቀቱም ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት «በአንድ አህያ ሁለት ከረጢት ሲሚንቶ» የሚል ነበር። ሁለት ከረጢት ማለት አንድ ኩንታል ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ የአህያይቱ መንጋጋ ተቆለፈ፤ ጆሮዋ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እግሮቿ እንደ እንጨት ደረቁ፤ ትንሽ ድምፅ በሰማች ቍጥርም ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ተጠርቶ የመጣው የእንስሳት ሐኪም ሕመሙ ቴታነስ መሆኑን፣ ጊዜውም እንዳለፈ ገለጠልን። በሦስተኛው ቀን ሞተች። የዚያን ወር ሒሳብ ስዘጋ የተቀደደ ከረጢትና የዘገየ ርክክብ የሚጻፍበት ዓምድ ነበረኝ፤ የሽማግሌው አህያ የሚጻፍበት ዓምድ ግን በመዝገቤ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገባኝ። የጭነት ከብት ቁስል የሚነሣው ከእኛው መደብር ሲሆን፣ ኪሣራውም ውሎ አድሮ ተመልሶ የሚገባው ወደ እኛው መዝገብ ነው። እኛ ግን ከብት ቆስሎ ባየን ጊዜ የምንቆጣው ነጂውን ነው። «ጨካኝ ነው፤ አያዝንም» እንላለን። የጭነቱን ልክ የወሰነው፣ የጉዞውን ዋጋ ያሳነሰው፣ «ቶሎ አድርስ» ያለው ማን እንደሆነ አንጠይቅም። ይህ አድራጎት «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሰኛል።

አባቶቻችን ጀርባው የተላጠውን የጭነት ከብት ገጣባ ይሉት ነበር። ገጣባ የሚሆንበትን ምክንያት የእንስሳት ሐኪሞች ሲያስረዱ ነገሩ ቀላል ነው። በአከርካሪ አጥንት ላይ ያለው ቆዳ ሥጋው ስስ ነው። ከባድ ጭነት ያለ በቂ መደላድል በዚያ ላይ ሲያርፍ ደም ወደ ቆዳው እንዳይደርስ ያግዳል፤ ደም ያጣውም ሥጋ ይሞታል። ጭነቱ ሚዛን ስቶ ወዲያና ወዲህ ሲል ደግሞ የሞተውን ቆዳ ይፍቀዋል። ከሆድ በታች የሚታሰረው ቀጭን የናይለን ገመድ እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንኳ በቦታው ነጭ ጠጉር ይበቅላል። አህያ የሚገዛ ሰው ይህን ነጭ ጠጉር በጀርባዋ ላይ ካየ ከዚህ ቀደም ያለ አግባብ ተጭና እንደነበር ይወቅ።

የአገራችን አህያ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ግራም ነው። ባለሙያዎች የሚመክሩት ደግሞ የሚጫንባት ከክብደቷ ሲሶ እንዳይበልጥ ነው። እንግዲህ አንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ለትልቁ አህያ የመጨረሻው ልክ ሲሆን ለትንሹ ከልክ ያለፈ ነው። እኔ በወረቀት ላይ እጽፈው የነበረው ሁለት ከረጢት ግን አህያይቱ በራሷ ክብደት ልክ እንድትሸከም ማዘዝ ነበር። አህያ ሕመሟን ስለማታሳይ «ችላዋለች» እንላለን፤ ዝም ማለቷ ግን መቻሏን አያስረዳም።

ስለ ሕክምናው ከሐኪሙ የተማርኩትን ለአንባብያን ባካፍል እንደማያስከፋ ተስፋ አደርጋለሁ። የመጀመሪያው መድኃኒት ዕረፍት ነው፤ ጭነት ያልተነሣለት ቁስል በምንም ቅባት አይድንም። ሁለተኛው ንጽሕና ነው፤ በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ጠጉር ቈርጦ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ጥቂት ጨው በገባበት ውሃ ማጠብና ዝንብ እንዳያርፍበት መከላከል ይገባል። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ አፈርና ፋንድያ፣ እንዲሁም የጋለ ብረት ቁስሉን ያከፉታል እንጂ አያድኑትም። ቁስሉ የጠለቀ፣ መግል የቋጠረ ወይም የሸተተ እንደሆነ ጉዳዩ የሐኪም ነው። ሐኪሙ በማደንዘዣ ሥቃዩን አስታግሦ የሞተውን ሥጋ በቀዶ ጥገና ያነሣል፤ መግሉም የሚወርድበትን መንገድ ይከፍታል። አዲስ የተቀደደ ቁስል በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከተደረሰበት ሊሰፋ ይችላል፤ የሰነበተውንና የቆሸሸውን ግን ሰፍቶ መዝጋት መርዙን ከውስጥ መቆለፍ ይሆናል። የጋማ ከብት ሁሉ ለቴታነስ እጅግ የተጋለጠ ስለሆነ ሳይቆስል በፊት መከተብ፣ ከቆሰለም በኋላ ሳይውል ሳያድር መከላከያውን መስጠት ያስፈልጋል።

ይህ ጉዳይ የአህያ ብቻ የሚመስለው ላኪ ነጋዴ ቢኖር ወደ ቆዳና ሌጦ መጋዘኑ ይመልከት። በጎችንና ፍየሎችን የሚይዘው፣ ከቅማልና ከመሳሰሉት ተባዮች የሚመጣው እከክ፣ ጠጉሩ እስካለ ድረስ ብዙም አይታይም። ሌጦው ቆዳ ፋብሪካ ገብቶ ጠጉሩ ሲነሣ ግን ነቁጡ ይወጣና የሌጦውን ደረጃ ዝቅ ያደርገዋል። በበሬው ጀርባ ላይ የሚቀረው የጅራፍ ሰንበር፣ የእሾህ ጭረትና የመተኮሻ ጠባሳ እንዲሁ ነው። ከብቱ በሕይወት ሳለ በጥቂት ብር ሊታከም ይችል የነበረው ቁስል ከሞተ በኋላ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል።

ባለ ሱቁም ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም። በኮዬ ፈጬ ሕንፃ በሚሠራበት አካባቢ የሚግጡ ላሞች ሣር ሲያጡ የጣልነውን ፌስታል ይበላሉ፤ ከሣሩም ጋር ሚስማርና የማሰሪያ ሽቦ ይውጣሉ። ላም የምትበላውን መርጣና አላምጣ ስለማትውጥ ብረቱ ከፊተኛው የሆዷ ክፍል ይቀመጣል። ልብ ለዚህ ክፍል ቅርብ ስለሆነ ሚስማሩ ግድግዳውን ወግቶ እስከ ልብ ሊደርስ ይችላል። ፌስታሉም ተጠቅልሎ ሆዷን ይደፍነዋል። እንዲህ የታመመች ላም መዳን የምትችለው ሐኪሙ በቆመችበት ግራ ጎኗን አደንዝዞ፣ ሆዷን ከፍቶ፣ የዋጠችውን በእጁ ሲያወጣላት ነው። ይህ ቀዶ ጥገና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ ሽቦውን ከመሬት ለመልቀም ግን መጐንበስ ብቻ ይበቃል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ አገልግሎት በሚጣሉ የፕላስቲክ ከረጢቶች ላይ ያወጣውን ክልከላ አንዳንድ ባለ ሱቆች እንደ ዕዳ ቈጥረውታል። እኔ ግን ወተቱን የምንሸጠውና የምንጠጣው ከዚያችው ላም መሆኑን ማሳሰብ እወዳለሁ።

ከብት ሲጠፋ ንግድ እንደሚጠፋ አገራችን አስቀድማ ታውቀዋለች። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን በምፅዋ በኩል የገባው ደስታ የተባለው በሽታ አብዛኛውን ከብት ፈጀ፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ አቃተው፤ ረኃቡም ሰውን ጨረሰ። ይህ በሽታ በክትባት ተዋግቶ ከዓለም መጥፋቱ በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተበሠረ። በዚህ ድል አገራችን የሥራ ድርሻ ነበራት። የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቢሾፍቱ ይሠራል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም በዚያው ከተማ በ1979 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተከፍቶ ሐኪሞችን ሲያስመርቅ ኖሯል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ፣ ለእኛ ለኮዬ ፈጬዎች ደግሞ ከዚያም የሚቀርብ ነው። ወረርሽኙን ለማጥፋት መንግሥታት መተባበር አስፈልጓቸዋል። ገጣባን ለማጥፋት ግን በየመደብሩ ደጅ የሚደረግ ጥንቃቄ ይበቃል።

«ጭነቱ ቢቀነስ ማጓጓዣው ይወደዳል፤ ገዥውም ወደ ሌላ ይሄዳል» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። አሠሪዬም በመጀመሪያ ያሉኝ ይህንኑ ነበር። ነገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ሁለት ጉዞ ከአንድ ጉዞ ይበልጣል። ነገር ግን የቆሰለ ከብት በመንገድ ላይ ወድቆ የሚያበላሸው ዕቃ፣ ባለ አህያው ከሥራ ሲወጣ የሚጓደለው ርክክብ፣ አዲስ አመላላሽ እስኪገኝ የሚባክነው ቀን ቢደመር ትርፍ የመሰለው ትርፍ ሆኖ አይገኝም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ርካሹን ማጓጓዣ የሚከፍለው ከእኛም ከገዥውም ይልቅ ድኻ የሆነው ባለ አህያ ነው። ይህን ነጋዴ የሆነ ሰው ቅናሽ ብሎ ሊጠራው አይገባም።

ስለዚህ ለንግድ ምክር ቤታችን አባሎች የሚከተለውን በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቁስል ያለበት ከብት ከመደብራችን ደጅ ዕቃ አይጫንበት፤ የማስረከቢያው ወረቀትም «የከብቱ ጀርባ ታይቷል» የሚል አንድ መሥመር ይኑረው። ሁለተኛ፣ በአንድ አህያ ከአንድ ከረጢት በላይ አይጫን፤ እህልና ዱቄት ሲሆንም ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ይመዛዘን። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ መደብር አከርካሪውን ነፃ አድርገው በሁለቱ ጎን የሚያርፉ፣ ከአሮጌ ከረጢትና ከጭድ የተሰፉ መደላድሎችንና ሰፋፊ መቀነቻዎችን አዘጋጅቶ ለባለ አህዮች ያውስ። አራተኛ፣ አስመጪዎች የቴታነስ መከላከያን፣ ማደንዘዣን፣ የቁስል ማጠቢያንና የመስፊያ ክርን ከሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ እያወጡ ያስመጡ፤ መድኃኒቱም ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየሱቁ እንዳይቸረቸር ይጠንቀቁ።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለማስተማር ብቅቼ አይደለም፤ በእኛ ንግድ ቤት ተሞክሮ ስላየሁት ነው። አሠሪዬ ነገሩን ካሰቡበት በኋላ በአንድ አህያ አንድ ከረጢት ብቻ እንዲጫን አዘዙ፤ ለአንድ ከረጢት የሚከፈለውንም ዋጋ ጨመሩ። ጭማሪውን እኩሌታውን ንግድ ቤቱ፣ እኩሌታውን ገዥው ይከፍለዋል። ጥቂት ገዥዎች ሄደውብናል፤ አብዛኞቹ ግን ምክንያቱን ሲሰሙ ከፍለዋል። ለሽማግሌውም አሠሪዬ ሁለተኛ አህያ መግዣ አበደሩላቸው፤ ዕዳውን ከጉዟቸው ዋጋ ጥቂት በጥቂት እየከፈሉ ነው። በመዝገቤም ውስጥ «የከብት ሕክምና» የሚል አዲስ ዓምድ ከፍቻለሁ።

ዓምዱ ጠባብ ነው፤ የሚጻፍበትም ገንዘብ ከሌላው ወጪ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ነገር ግን ይህ ዓምድ አስቀድሞ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ያች አህያ ዛሬም ከደጃችን በቆመች ነበር። የተከበራችሁ ነጋዴዎች ሆይ፣ በየመዝገባችሁ ይህን አንድ ዓምድ ብትከፍቱ አገሩም እናንተም ትጠቀማላችሁ እንጂ አትጎዱም።