የተከራየነው ዳርቻ

ጳጉሜ ሲቃረብ የየአጥቢያው የወጣቶች ኮሚቴ የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሐይቅ ጉዞ። ዝናቡ እየቀለለ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው፣ አውቶቡስ ይያዛል፣ ቲሸርት ይታተማል፣ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ላለ አንድ ሎጅ ቀብድ ይከፈላል። ስሙንም «ሪትሪት» እንለዋለን። እኔ ራሴ ለስምንት ዓመት አስተባብሬአለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከውጭ ቆሜ ድንጋይ ለመወርወር አይደለም፤ ድንጋዩ ቢወረወር መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።

ነገሬ ይህ ነው፦ አጥር ውስጥ ገብተን የምናደርገው የሐይቅ ጉዞ ይብቃን። ሕዝብ ወደሚውልበት ዳርቻ እንሂድ።

ይህን ኮሚቴ ላይ ሳነሣ የማገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። «መምህር፣ ሕዝብ የሚበዛበት ዳርቻ ለወጣት አይሆንም። ጫት ይቃማል፣ ይጠጣል፣ አለባበሱም…» ንግግሩ እዚያ ላይ ይቆምና ሁሉም አንገቱን ይደፋል። እሺ፣ እንነጋገርበት። ባለፈው ጉዞ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችንን ያደረግነው የቢራ ስም በጉልህ በተጻፈበት ዣንጥላ ሥር ነበር። ከኋላችን ባር ነበር፣ ሰዎችም ይጠጡ ነበር። ማንም ግን «ለወጣት አይሆንም» አላለም፤ ጠጪዎቹ መኪና ያላቸው ነበሩና። የሀብታሙ ቢራ «መዝናኛ»፣ የድሀው ቢራ «ዓለማዊነት» የሚባልበትን ጥቅስ የሚያሳየኝ ካለ እታረማለሁ።

የወላጆች ስጋት ግን የምር ነው፤ አላቃልለውም። ስልክ ይሰረቃል፣ እኅቶቻችን ይለከፋሉ። ለዚህ መፍትሔው በቡድን መሆን፣ ከመምሸቱ በፊት መመለስ፣ እናቶችና አባቶች አብረውን እንዲሄዱ መለመን ነው። ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ላይ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሲንሸራሸር ያያችሁ ታውቁታላችሁ። አሞራ ገደልም እንዲሁ ነው፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ቆመው ትርፍራፊ ሲጠብቁ፣ የዓሣ ሾርባው ሲሸት። ከዚህ የሚሻል የጥናት ቦታ አላውቅም። (ጉማሬው ብቻ በሩቁ ይሁንልን።)

ደግሞስ ሐይቁ የማን ነው? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጓል። ሎጁ ውሃውን አልገዛውም። ሎጅን ልከስ አይደለም፤ ንግድ ነው፣ ለብዙ ሰው እንጀራ ነው። የምከሰው እኛን ነው። እኛ የከፈልነው ለአልጋና ለምግብ ብቻ አልነበረም፤ ከሌላው ሰው ለመለየትም ነበር። መዋጮው ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸው ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ «ፈተና አለብኝ» ብለው ቀሩ። በጳጉሜ የምን ፈተና አለ? ገብቶናል፤ ግን አልጠየቅናቸውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ላንጋኖ የሆነውን ልንገራችሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ለቡድን ፎቶ ተሰልፈን ሳለ ከብት ሊያጠጡ የመጡ ልጆች በውሃው ዳር በኩል ብቅ አሉ። ፎቶው ውስጥ ላሞች ገቡ። ጥበቃውን ጠርቼ «እነዚህን ልጆች ራቅ አድርግልን» ያልሁት እኔ ነኝ። አራቃቸው።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ቆሻሻ ሆኖ ሳይሆን ደቃቅ አፈር ስለተንሳፈፈበት ነው፤ ወገባችሁ ድረስ ብትገቡ ጉልበታችሁን አታዩም። ቢልሃርዚያ የለበትም እየተባለ ስለሚነገር ሰው ሳይፈራ ይገባበታል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ፣ ማዕበሉ በረታ። ከመዘምራኑ አንዱ፣ የ17 ዓመት ልጅ፣ እግሩ መሬት አጣ። አልጮኸም። ሰው ሲሰጥም እንደ ፊልም አይጮኽም፤ አፉ ውሃ ውስጥ ነውና። ዳር ላይ ወደ 40 ሰው ነበርን፤ ዋና የሚችል አንድም አልነበረም። ከፊሉ ጸለየ፣ ከፊሉ አለቀሰ። እኔ እስከ ደረቴ ገባሁና ቆምሁ። ያን ጊዜ ከአጥሩ ወዲያ አንድ የ13 ዓመት የሚሆን እረኛ ዱላውን ጥሎ ገባ። ልጃችንን በቲሸርቱ ይዞ፣ የዓመቱ ጥቅሳችን በታተመበት ቲሸርት፣ እየጎተተ አወጣው። ከዚያ ዱላውን አንሥቶ ወደ ከብቶቹ ሄደ። ስሙን የጠየቀ የለም።

እሑድ ምስክርነት ሰጠን። «ጌታ መልአኩን ላከ» ተባለ፣ ጉባኤው እልል አለ፣ እኔም አሜን አልሁ። ጌታ እንዳዳነው ዛሬም አልጠራጠርም። ነገር ግን መልአክ ስሙ አይጠየቅም፣ ጫማ አያስፈልገውም፣ ጠዋት እንዳባረርነውም አያስታውሰንም። እረኛውን መልአክ ማለታችን ከዕዳ የወጣንበት ብልሃት ነበር።

ሉቃስ 5ን አንብቡ። ጌታ በጌንሴሬጥ ዳር ሕዝቡ ሲያጨናንቀው ሥራ ላይ ከነበሩ ሰዎች ጀልባ ተውሶ ከዚያ ሆኖ አስተማረ። መረብ የሚያጥቡትን «ዞር በሉልን» አላለም።

ስለ ጴጥሮስ መስጠም በየዓመቱ በሐይቅ ዳር ይሰበካል፤ እኔም ሰብኬአለሁ። በዮሐንስ 21 ግን ያው ጴጥሮስ ራሱን ወደ ባሕር ይጥላል፤ ጀልባው ከምድር ሁለት መቶ ክንድ ያህል ርቆ ሳለ። ዋና ይችል ነበር ብዬ እገምታለሁ። በታልሙድ ውስጥ አባት ለልጁ ሊያስተምር ከሚገባው መካከል ዋናን የሚጨምሩ መምህራን አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 300,000 ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ አብዛኛው እንደ እኛ ባሉ አገሮች። እኛ ግን ለድምፅ ማጉያ በጀት አለን፣ ለዋና ትምህርት የለንም። ክዳኑ በደንብ የተዘጋ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰው ያንሳፍፋል። ረጅም ገመድ ታስሮበት ዳር ላይ ይቀመጥ፤ ለሚሰጥመው ይወርወርለት እንጂ ዋና የማይችል ሰው ተከትሎት አይግባ። ይህን የነገረን አልነበረም።

ለዘንድሮ ያቀረብሁት ሐሳብ ሐዋሳ ነው፦ ማደሪያችን እዚያው ባለች አጥቢያ አዳራሽ፣ ምሳችን አሞራ ገደል፣ መዋጮው ሁሉም የሚችለው፣ ከጉዞው በፊት ቢያንስ አራት ሰው ዋና ይማር። ኮሚቴው ነሐሴ 10 ይሰበሰባል። ቀብዱ ገና አልተከፈለም።