ከፈለግክ ስክሪፕቱን አርመው

በኔትወርክ ሙከራ ስክሪፕቶች ውስጥ ፓኬት መያዝ እንደ አምፖል ነው፤ ይበራል ወይም ይጠፋል። በየትኛው ኢንተርፌስ፣ ከእያንዳንዱ ፓኬት ስንት ባይት፣ በምን ማጣሪያ የሚለውን ጸሐፊው አንዴ ወስኖ ቀብሮታል። መቀየር ለሚፈልግ ሰው መልሱ «ሼል ነው፣ ገብተህ አርመው» ነው። ይህ መልስ ስንፍናን ነፃነት ብሎ የሚጠራ ነው።

የሊኑክስ ከርነል የኤምፒቲሲፒ ሙከራን እንውሰድ። ፕሮቶኮሉ በ2020 እ.ኤ.አ. ከሊኑክስ 5.6 ጋር ገባ፤ የሙከራ ስክሪፕቱ የፓኬት መያዣውን መሣሪያ ቲሲፒደምፕን ለዓመታት ሲያስነሳ የነበረው በሁሉም ኢንተርፌስ፣ በ65535 ባይትና በ32 ሜጋባይት ባፈር ነው። ለዚያ ሙከራ ምንም አይልም። ችግሩ እንዲህ ያለው መስመር ወደ ብሪጅ ሙከራ ሲገለበጥ ይመጣል። «በሁሉም» ሲያዝ ሊኑክስ የኢተርኔቱን ራስጌ በራሱ ምትክ ራስጌ ይተካዋል፤ የመድረሻው ማክ አድራሻ አብሮ ይጠፋል። የብሪጅ ጥያቄ ደግሞ ፍሬሙ ወደ የትኛው ማክ ሄደ ነው! በዚያ ላይ አንዱ ፓኬት ከብሪጁ ጋር በተያያዘው ምናባዊ ኢተርኔትም (veth) በብሪጁም ስለሚታይ፣ ያላወቀ ሰው በሌለ ድጋሚ ስርጭት ላይ ሰዓታት ያቃጥላል። የፍጥነት ሙከራ ላይ ደግሞ ራስጌው በቂ ሆኖ ሳለ ሙሉው ጭነት ዲስክ ላይ ይጻፋል፤ ቲሲፒደምፕ ሲዘጋ «ከርነሉ የጣላቸው ፓኬቶች» ብሎ የሚያወጣውን ቁጥር የሚያነብ የለም።

ስክሪፕቱን ማረምስ? ሙከራው ፓቾችን በራስ-ሰር በሚፈትሽ የሲአይ (CI) ማሽን ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ፣ አንድ ማጣሪያ ለመቀየር ፓች መላክ ግድ ነው። ስህተቱ ሲገኝ እርማቱ ይጣላል፤ ቀጣዩ ሰው ከዜሮ ይጀምራል።

«አማራጭ ከበዛ ውጤት ማነጻጸር ይከብዳል» የሚሉ አሉ። ከባድ ቀረጻ ራሱ የሙከራውን ጊዜ እንደሚያዛባ ግን አያነሱም። ለእያንዳንዱ የቲሲፒደምፕ አማራጭ በስክሪፕቱ ውስጥ አዲስ ስም የሚያወጡትም ቢሆኑ አያዋጣቸውም፤ ሁለተኛ ማኑዋል እየጻፉ ነው። አንድ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ይበቃል፦ ባዶ ከሆነ ነባሩ መስመር ይሠራል፣ ከተሞላ ይዘቱ እንዳለ ለቲሲፒደምፕ ይተላለፋል። የፋይሉ ስም ብቻ በስክሪፕቱ እጅ ይቆይ፤ ጽዳቱ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነውና። እግረ መንገዴን፣ ቲሲፒደምፕ እስኪነሳ ተብላ የምትገባውን «አንድ ሰከንድ ተኛ» የምትል መስመርም አውጡልን። ቲሲፒደምፕ መያዝ ሲጀምር ማዳመጥ መጀመሩን በስህተት መልእክት መውጫው (stderr) ላይ ይጽፋል፤ ስክሪፕቱ እሱን ይጠብቅ።