የግቢያችሁ ዓይን በማን እጅ ነው?

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ ጡረታ ለወጣችሁት፣ ልጆቻችሁን ባሕር ማዶ ሸኝታችሁ አዲስ አበባ ውስጥ በሰፊ ግቢ ሁለት ሆናችሁ ወይም ብቻችሁን ለቀራችሁት። ልጅ ከሜሪላንድ ወይም ከዱባይ ሲመጣ በሻንጣው ካሜራ ይዞ ይመጣል። በስልክ የሚከፈት የበር ቁልፍ፣ በድምፅ የሚታዘዝ አምፖልም ይጨምርበታል። ከፍቅር ያመጣው ነው፤ እዚያ ሆኖ እናንተን እያሰበ እንቅልፍ ስለሚያጣ ነው። እናንተም ደስ ብሏችሁ ባለሙያ ትጠራላችሁ፤ ግድግዳው ይበሳል። ከመበሳቱ በፊት ስሙኝ።

ታላቅ ወንድሜ ያረፈ ዕለት የእድሩ ጥሩምባ ገና ሰፈሩን ዞሮ አልጨረሰም ነበር። እኛ ግቢ ድንኳኑ እየተተከለ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ከሁለት ዓመት በፊት ካሜራዎቹን የገጠመልን ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ምን ሆናችሁ? ድንኳን ሲተከል አየሁ እኮ» አለኝ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ደንግጦ ነው የደወለው፣ ኋላም ለቅሶ ደርሷል። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ቀና ብዬ ከበረንዳው ጥግ የተሰቀለውን ካሜራ አየሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንወጣ ስንገባ፣ ባለቤቴ ፀጉሯን ታጥባ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ልጆቼ ለበዓል መጥተው ሲያወሩ፣ ሊያየን የሚችል ሰው ነበር። አፑን የከፈተው በራሱ ኢሜይል ነበር። የይለፍ ቃሉ ምን እንደሆነ ጠይቀነው አናውቅም፤ የሚጠየቅ ነገር መሆኑንም አላወቅንም። ባለቤቴ ከዚያ ቀን በኋላ ለብዙ ሳምንት ግቢው ውስጥ ተቀምጣ ፀሐይ አልሞቀችም።

ይህ የእኛ አገር ድክመት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ፣ ቴክሳስ፣ ለአንድ ትልቅ የቤት ጥበቃ ድርጅት የሚሠራ ካሜራ ገጣሚ የራሱን ኢሜይል በደንበኞቹ አካውንት ላይ እየጨመረ 200 ያህል ቤቶችን ከ9,600 ጊዜ በላይ ከፍቶ አይቷል። አራት ዓመት ተኩል ማንም አልነቃበትም። እ.ኤ.አ. በ2021 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ 52 ወር እስራት ተፈረደበት። ያየው የሰው መኝታ ቤት ነው። ቁልፍ አልሰበረም፤ በር ከፍተው አስገብተው፣ ገንዘብ ከፍለውት የሸኙት ሰው ነው።

ስለዚህ ጀማሪ ሰው «የትኛው ካሜራ ይሻላል?» ብሎ ሲጀምር ገና ከመነሻው ስቷል እላለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ «በማን ስም ይከፈታል?» የሚል ነው። ኢሜይሉ የእናንተ ይሁን። ማረጋገጫ ቁጥር የሚላክበት ስልክ የእናንተ ይሁን። የይለፍ ቃሉን ራሳችሁ ምረጡ፤ መርሳት ከፈራችሁ በደብተር ጻፉና የቤቱ ካርታ በተቀመጠበት ሣጥን አኑሩት። ካሜራውን የገጠመው ባለሙያ ሥራውን ሲጨርስ፣ ሒሳቡን ከመቀበሉ በፊት፣ መግባት ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ስሙን እንዲሰርዝና ከገዛ ስልኩ ላይ አፑን እንዲያጠፋው ፊት ለፊታችሁ ጠይቁት። ይህ ሰውን ማስቀየም አይደለም። ግንበኛ ቤት ሠርቶ ሲያስረክብ ቁልፉን ኪሱ ይዞ አይሄድም። ልጆቻችሁም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው በየስማቸው ይግቡ እንጂ አምስት ሰው በአንድ የይለፍ ቃል አይግባ። ስልክ ይሰረቃል፣ ትዳር ይፈርሳል፣ ጓደኛ ይጣላል፤ ያን ጊዜ የአንዱን መግቢያ ብቻ መዝጋት መቻል አለባችሁ።

ከፋብሪካው ተጽፎ የመጣውን የይለፍ ቃል ደግሞ አንድ ሌሊት እንኳ አታሳድሩት። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ የቤት ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዙ መቶ ሺህ የማረከው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም። 60 ያህል የታወቁ የፋብሪካ የይለፍ ቃላትን በየበሩ እየሞከረ ነው የገባው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን እነዚያ የተማረኩ ዕቃዎች ተባብረው ባደረሱት ጥቃት ትዊተርና ኔትፍሊክስን የመሳሰሉ ታላላቅ አገልግሎቶች ለሰዓታት ተቋረጡ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም። ግድግዳቸው ላይ ያለው ዕቃ ለሌላ ጌታ አድሮ ነበር።

አሁን ወደ ዕቃው ምርጫ ልግባ። በእኛ ከተማ መብራት ይጠፋል፤ ኢንተርኔትም ይጠፋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። ምስሉን ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ካሜራ በእንዲህ ያለ ጊዜ፣ ሰው ከሁሉም ይልቅ ቤቱን መጠበቅ በሚፈልግበት ወቅት፣ ዕውር ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ በሚቀመጥ መቅጃ፣ ሃርድ ዲስክ ባለው ዲቪአር ላይ የሚቀዳውን ምረጡ። መቅጃውን ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር አታስቀምጡት፤ ሌባ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው። ለመቅጃውና ለራውተሩ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ይኑራችሁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ሲሆን ጀርባውን አስነብቡ። የእነሱ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። «100-240» የሚል ከተጻፈበት ደኅና ነው። 120 ብቻ የሚል የግድግዳ ሶኬት ወይም ማብሪያ ከሰካችሁ ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። በሬዲዮ የሚነጋገሩትም እንዲሁ ናቸው፤ ዚ ዌቭ የተባለው ዓይነት በአሜሪካና በአውሮፓ የሚሠራበት ሞገድ ስለሚለያይ ከሁለቱ የተገዙ ዕቃዎች እርስ በርሳቸው አይሰማሙም።

ኩባንያም ይሞታል። ኢንስቲዮን የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ለደንበኞቹ አንዲት ቃል ሳይናገር አገልግሎቱን ዘጋ። ሰዎች ማለዳ ተነሥተው አፑን ሲነኩ መልስ አጡ። ኋላ ደንበኞች ተሰባስበው ገዝተው አስነሡት እንጂ በዚያው ቀርቶ ነበር። ስለዚህ በስልክ ብቻ የሚከፈት፣ የብረት ቁልፍ የሌለው የበር መዝጊያ በቤታችሁ እንዲገባ አልመክራችሁም። እሳት ቢነሣ፣ ሌሊት የልብ ሕመም ቢመጣ፣ ጎረቤት በሩን በእጁ መክፈት መቻል አለበት።

ደግሞ አንድ የማዝንበት ነገር አለ። ካሜራ ሲሰቀል ዘበኛው ይሰናበታል። አሥር ዓመት በራችሁ ላይ ያደረ ሰው፣ የመጣውን የሄደውን በድምፁ የሚለይ ሰው «ካሜራ አለን» ተብሎ ይሸኛል። ካሜራ የሆነውን ያሳያል እንጂ የሚሆነውን አይከለክልም። ሜሪላንድ ያለ ልጅ ሌባው አጥር ሲዘል በስልኩ ቢያይ ወደ ማን ይደውላል? ወደ ጎረቤት ነው የሚደውለው፤ ወደዚያው ከሩቅ ዘመድ ይሻላል ወደምንለው የቅርብ ጎረቤት። የጎረቤቱን ስልክ ቁጥር ለልጆቻችሁ ያልሰጣችሁ እንደሆነ ካሜራው ሐዘን ማሳያ ብቻ ነው።

ካሜራውን ወደ ቤት ውስጥ አታስገቡት። መኝታ ቤት፣ ጓዳ፣ የቤት ሠራተኛዋ የምትተኛበት ክፍል ካሜራ የሚሰቀልበት ቦታ አይደለም። «እምነት የለኝም» የምትሉ ከሆነ ይህን ለእሷ ንገሯትና አሰናብቷት እንጂ ሳታውቅ አትዩአት። እሷም የሰው ልጅ ናት። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ሲደነግግ ባለቤትና ሠራተኛ ብሎ አልለየም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም፣ ቁጥር 1321/2016፣ ወጥቷል። ሕግ ግን የሚደርሰው ነገሩ ከሆነ በኋላ ነው። ሰው በራቁቱ ከታየ በኋላ ምን ዳኛ ይመልስለታል?

እንግዲህ መጀመር ለምትፈልጉ፦ የውጭ በሩን የምታይ አንዲት ካሜራ፣ ቤት ውስጥ የተሸሸገ መቅጃ፣ ሰው ሲያልፍ የሚበራ አንድ መብራት። በእነዚህ ስድስት ወር ኑሩ። ሌላ ነገር ካስፈለጋችሁ ያን ጊዜ ጨምሩ።

ካሜራ ቀድሞ የተሰቀለላችሁ ደግሞ ነገ አትበሉ። ዛሬ ማታ ከምታምኑት ልጅ ጋር ተቀምጣችሁ አፑን አስከፍቱ፤ መግባት የተፈቀደላቸውን ሰዎች ስም ዝርዝር ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ። የማታውቁት ስም ካለ ፊታችሁ ይሰርዘው።