የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ዘመኑ ሲያልቅ

በገበያ እህል የሚሸምት ሰው የቁናውን አፍ ያያል፤ ቅቤ የሚገዛም ሰው የሚዛኑን ምላስ ይመለከታል፤ ያልተስማማው እንደ ሆነ ሻጩን «እንደገና ስፈርልኝ» ለማለት ይችላል። ኤሌክትሪክ የሚገዛ ሰው ግን የገዛውን ነገር በዓይኑ አያየውም፥ በእጁም አንሥቶ አይመዝነውም። በሻጩና በገዢው መካከል ቆሞ የሚመሰክር በግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ ብቻ ነው። ስለዚህ የዚህን ምስክር ታማኝነት መጠበቅ የመንግሥት ተግባር ሁኖ በብዙ አገር በሕግ ተወስኗል፤ ምስክሩ ባረጀም ጊዜ በሌላ እንዲተካ ታዟል።

በታላቋ ብሪታንያ በዚህ ምክንያት ለብዙ ቤት ደብዳቤ ሲጻፍ ቆይቷል። የደብዳቤው ፍሬ ነገር፥ በቤትዎ ያለው ቆጣሪ የተፈቀደለት ዘመን ስላለቀ ሠራተኛ መጥቶ ያወርደዋል፤ በስፍራውም ስማርት የተባለውን አዲስ ቆጣሪ ይሰቅላል የሚል ነው። ደብዳቤው የደረሰው ሰው ወደ ግድግዳው ሄዶ ቢመለከት ሳሕኑ ይዞራል፥ ቁጥሩም ይጨምራል፥ መብራቱም አልጠፋም። «የሚሠራ ዕቃ እንዴት ዘመኑ አለቀ ይባላል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም፤ መልስ ይገባዋል። ይልቁንም በዚያው በአንዱ ደብዳቤ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ። ያረጀውን ቆጣሪ ማውረድ ሕግ የሚያስገድደው ነው፤ ስማርት የተባለውን መቀበል ግን በብሪታንያ ሕግ በባለቤቱ ፈቃድ የሚሆን ነው። ይህ ተለይቶ ያልተነገረው ሰው እንቢ የማይባለውን እንቢ ይላል፥ ሊመርጥበት የሚችለውን ደግሞ የተገደደ መስሎት ይቀበላል። የነገሩ ሁሉ ችግር የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የፊተኛው ጥያቄ መልስ በዕቃው አሠራር ውስጥ ይገኛል። ክብ ሳሕን ያለውን ቆጣሪ ለሥራ ያበቃው ኦቶ ብላቲ የተባለ የሀንጋሪ መሐንዲስ ሲሆን፥ ይህም በጋንዝ ፋብሪካ በ1889 ዓ.ም. (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የተደረገ ነው። በቆጣሪው ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ፤ አንደኛው የኤሌክትሪኩን ግፊት፥ ሁለተኛው ወደ ቤት የሚገባውን የኤሌክትሪክ መጠን ይከተላል። በሁለቱ መካከል ያለው ከአሉሚንዮም የተሠራ ስስ ሳሕን በእነርሱ ኀይል ተገፍቶ ይዞራል። ከመጠን በላይ እንዳይፈጥን ደግሞ አንድ ማግኔት እንደ ልጓም ሁኖ ይይዘዋል። ቤቱ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲወስድ ሳሕኑ ይፈጥናል፥ ጥቂት ሲወስድ ይዘገያል፤ ዙሩም በጥርሳማ ተሽከርካሪዎች ወደ ቁጥር ይለወጣል። እንግዲህ ይህ ሳሕን ሌሊትና ቀን ሳያርፍ ለ20 ዓመት ቢዞር፥ የእንዝርቱ ኩሽኔታ ይበላል፥ አቧራም ይገባበታል፤ በዚያን ጊዜ ዙሩ ዘግይቶ ኩባንያው ይጐዳል። ልጓም የሆነው ማግኔት የደከመ እንደ ሆነ ደግሞ ሳሕኑ ይፈጥንና ባለቤቱ ያልተጠቀመበትን ይከፍላል። መብራቱ ግን በሁለቱም ነገር አይደበዝዝም። ሰው በዓይኑ አይቶ «ይሠራል» የሚለው ቆጣሪ ልክነቱን ካጣ ብዙ ዓመት ሊሆነው ይችላል ማለት ነው።

የብሪታንያ ሕግ ይህን ተመልክቶ፥ አንድ የቤት ቆጣሪ ቢያበዛ ከመቶ 2.5፥ ቢያሳንስ ከመቶ 3.5 እንዳያልፍ ወስኖበታል። ለየዓይነቱም የአገልግሎት ዘመን ተቈርጦለታል፤ ዘመኑ ካለፈ በኋላ በእርሱ ሒሳብ መጠየቅ አይገባም። ልኩን የተጠራጠረ ገዢ ቢኖር ነገሩ ከኩባንያው እጅ ወጥቶ የመንግሥት መርማሪ እንዲያየው ለማድረግ ይቻላል። በጀርመን አገርም ደንቡ ሳሕን ላለው ቆጣሪ 16 ዓመት፥ ኤሌክትሮኒክ ለሆነው ግን 8 ዓመት ብቻ የፈቀደ ሲሆን፥ ከአንድ ወገን ቆጣሪዎች ጥቂቶቹ ናሙና ሁነው ተመርምረው ልክ ሁነው ቢገኙ የቀሩት ዘመናቸው ይራዘማል። አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው ያነሰ ዕድሜ መሰጠቱ፥ አዲስ የሆነ ነገር ሁሉ የበለጠ የታመነ ነው ለሚሉ ሰዎች ጥቂት የሚያሳስብ ነገር ነው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ሲታለፍ፥ ስማርት ቆጣሪ የአሮጌው ምትክ ብቻ አለመሆኑ መታወቅ አለበት። አሮጌው ይቆጥራል፥ ከዚያም ዝም ይላል። አዲሱ ግን በየግማሽ ሰዓቱ የተወሰደውን ኤሌክትሪክ ይመዘግባል፤ መዝገቡንም እስከ 13 ወር ድረስ በሆዱ ያኖራል፤ ከዚያም በአየር ወደ ሩቅ ይልካል። በ2013 ዓ.ም. ፈቃድ የተሰጠው አንድ የመልእክት ኩባንያ በቆጣሪውና በኤሌክትሪክ ሻጮች መካከል አመላላሽ ሁኗል። መልእክቱ በእንግሊዝ ደቡብና መካከል እንዲሁም በዌልስ በተንቀሳቃሽ ስልክ መረብ፥ በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ ግን ሩቅ በሚደርስ ራድዮ ይሄዳል።

ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ቀድሞ ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ በር ሲዘጋበት ኩባንያው ሒሳቡን በግምት ይጽፍ ነበር፤ ግምቱም ዓመት ሙሉ ተከማችቶ አንድ ቀን በድንገት በድሀ ላይ ሲወድቅ ብዙ ክርክር ያስነሣ ነበር። አዲሱ ይህን ያስቀራል። ባለቤቱም በጠረጴዛ ላይ በምትቀመጥ አነስተኛ መስታወት የሚያወጣውን ገንዘብ በየሰዓቱ ለማየት ይችላል። ነፋስ በርትቶ ኤሌክትሪክ በበዛበት ሌሊት በርካሽ ዋጋ መሸጥም የሚቻለው ቆጣሪው ሰዓቱን ለይቶ ያወቀ እንደ ሆነ ነው። ይህንንም የሚመስል ነገር ከዚህ በፊት ነበረ፤ ከ1980ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በብሪታንያ የሌሊት ማሞቂያ ያላቸው ቤቶች ቆጣሪ፥ ቢቢሲ በረጅም ሞገድ ከሚያሰማው ራድዮ ጋር የተላከ ድብቅ ምልክት እየሰማ ከቀን ዋጋ ወደ ሌሊት ዋጋ ይለወጥ ነበር። ያ አገልግሎት ከሰኔ 30 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ ቀስ በቀስ እንዲዘጋ ስለ ተወሰነ፥ እነዚያ ቆጣሪዎች ዘመናቸው ያለቀው በራሳቸው እርጅና ሳይሆን የሚሰሙት ድምፅ ስላለቀ ነው።

ነገር ግን ሥራው በጥድፊያ ስለ ተያዘ ብዙ ጕድለት ተገኝቶበታል። አዲሱ ቆጣሪ እስከ 2020 መጨረሻ ለየቤቱ ሁሉ እንዲዳረስ ታስቦ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ግን የተለወጠው ከግማሽ ያነሰ ነበር፥ ቀነ ቀጠሮውም ተራዘመ። በመጀመሪያ ከተሰቀሉት መካከል ብዙዎቹ ባለቤቱ ከአንድ ሻጭ ወደ ሌላ ሻጭ በተዛወረ ጊዜ መናገር አቁመው እንደ አሮጌው ሁነዋል፤ ባለቤቱም ወደ ግድግዳው እየሄደ በእጁ እንዲያነብ ተገደደ። የመንግሥት ሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2023 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ከተሰቀሉት ከመቶ 9 ያህሉ፥ ይኸውም ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋው፥ እንደሚገባ እንደማይሠራ ገለጠ። ወጪውን የከፈለው ደግሞ በየሒሳቡ ላይ ተጨምሮበት ገዢው ሁሉ ነው። ለሹም በወር ይህን ያህል ቆጣሪ ተሰቀለ የሚል ቍጥር ሲቀርብለት፥ ከተሰቀለው ውስጥ የሚናገረው ስንት ነው ብሎ አለመጠየቁ የዚህ ጥፋት ምክንያት ነው።

ከዚህም የሚከብድ አለ። አሮጌውን ቆጣሪ ለመዝጋት ሠራተኛ ወደ ደጅ መምጣት ነበረበት፤ የቤቱንም ሁኔታ፥ የታመመውንና ሕፃኑን በዓይኑ ያይ ነበር። አዲሱን ግን በሩቅ ከተማ የተቀመጠ ጸሓፊ ከወንበሩ ሳይነሣ ይዘጋዋል፤ ወይም አስቀድሞ ገንዘብ ካልተሞላበት ወደማይሠራ ቆጣሪነት ይለውጠዋል። የኤሌክትሪክና የጋዝ ዋጋ እጅግ በወጣበት በ2022 እና በ2023 መካከል በነበረው ክረምት፥ ዕዳ ያለባቸው ብዙ ቤቶች በሩቅ ትእዛዝ ወይም በፍርድ ቤት ፈቃድ በር ተከፍቶ እንዲህ ባለ ቆጣሪ ሥር ወደቁ። ገንዘብ የሌለው ሰው ማንም ሳያጠፋበት በብርድ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፤ በመዝገብም ላይ «ተቈረጠበት» ተብሎ አይጻፍም። ሕዝቡ በመቈጣቱ ኦፍጌም የተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በየካቲት 2023 ዓ.ም. በግድ መትከሉን አስቆመ። በዚያው ዓመት በወጣውም ደንብ፥ ደጋፊ የሌላቸው ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች፥ ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ያለበትም ቤት በግድ እንዳይለወጥ፥ ለሌላውም ቢሆን ቢያንስ 10 ጊዜ ሳይጠይቁ እንዳይደረግ ተከለከለ። ደንቡ መልካም ነው፤ የወጣው ግን ጕዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

የግማሽ ሰዓቱም መዝገብ ቀላል ነገር አይደለም። የተመለከተው ሰው የቤቱ ሰዎች መቼ እንደ ተኙ፥ መቼ እንደ ተነሡ፥ ቤቱ ስንት ቀን ባዶ እንደ ነበረ ያውቃል፤ ለሌሊት ጸሎት የተነሣውንም ሰው ሰዓት ይጽፋል። በኔዘርላንድ መንግሥት ይህን ቆጣሪ በግዴታ ለማድረግ ያቀረበውን ሕግ በ2009 ዓ.ም. የላይኛው ምክር ቤት የቤት ምስጢር ይገለጣል ብሎ አልተቀበለውም፤ ነገሩ ካለፈው በኋላ ባለቤቱ እንቢ የማለት መብት እንዲኖረው ተደርጎ ተሻሻለ። በብሪታንያም ባለቤቱ የግማሽ ሰዓቱን ዝርዝር አልሰጥም ለማለት ይችላል። የቆጣሪው ዘመን አልቆ መለወጡ የግድ ከሆነም፥ አሮጌው ዓይነት ከገበያ እየጠፋ ስለ ሆነ፥ አዲሱ ተሰቅሎ መልእክት መላኩ እንዲዘጋ መጠየቅ ይቻላል። ይህ ሁሉ መብት አለ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሰማው ከደብዳቤው ሳይሆን ከጎረቤቱ ነው።

በኢትዮጵያም ከተሞች በካርድ የሚሞላ ቆጣሪ የታወቀ ነው፤ በበዓል ዋዜማ ማታ ካርዱ ያለቀበት ቤት፥ አስቀድሞ የሚከፈልበት ቆጣሪ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእንግሊዝ ድሀ አልተማረም። ቆጣሪም በየጊዜው ያረጃልና መለወጡ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩ በእጃቸው ያለ ሹማምንት ከብሪታንያ ስሕተት ትርፍ ለማግኘት ይችላሉ። ለባለቤቱ የሚጻፈው ማስታወቂያ ቆጣሪው የሚወርድበትን ምክንያትና የሕጉን ግዴታ ለብቻ፥ አዲሱ ቆጣሪ የሚጨምረውን ሥራና ባለቤቱ ሊመርጥ የሚችለውን ለብቻ፥ ማንም ማንበብ የሚችል ሰው በሚያስተውለው አማርኛና በየአገሩ ቋንቋ ሊያስታውቅ ይገባል። የሚመጣው ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት ማሳየት፥ ኤሌክትሪኩ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለሚዘጋም በኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚተነፍስ በሽተኛ ካለ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

በሚለወጥበት ቀን በአሮጌው ቆጣሪ ላይ የቆመው ቁጥርና አዲሱ የሚጀምርበት ቁጥር በአንድ ወረቀት ተጽፎ፥ ሠራተኛውና ባለቤቱ ፈርመውበት ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅጂ ይድረስ። በብሪታንያ የመጨረሻው ቁጥር በስሕተት ተጽፎ ወይም ሳይጻፍ ቀርቶ ብዙ የሒሳብ ጠብ ተነሥቷል፤ አሮጌው ቆጣሪም ወዲያው ከተሰባበረ በኋላ ማንም ሊመረምረው አልቻለም። የወረደው ቆጣሪ የመጨረሻው ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ ከነማኅተሙ በመጋዘን ቢቀመጥ፥ ባለቤቱ «በዝቶብኛል» ብሎ በተከራከረ ጊዜ መርማሪው አውጥቶ ሊመዝነው ይችላል።