ለይፋግ የሚሆን መኪና

ይፋግ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወረታን አልፋችሁ፣ የርብን ድልድይ ተሻግራችሁ፣ አዲስ ዘመን ሳትደርሱ ታገኟታላችሁ። ሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨው ጭኖ በሚመላለስበት ዘመን ስሟ በሩቅ የሚጠራ ነበር። እዚያ አካባቢ ያደግን ሰዎች በቅሎ ሲገዛ አይተናል። ገዢው መጀመሪያ ዋጋ አይጠይቅም። ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል። አራቱንም ኮቴ እያነሳ ይመለከታል። የኮርቻ ቁስል ተሸፍኖ እንዳይሆን ጀርባዋን በእጁ ይዳብሳል። ከዚያ ዳገት ያስወጣታል። በመጨረሻም «የማን ናት? ዋሱስ ማነው?» ይላል፤ የተሰረቀች በቅሎ የገዛ ሰው ገንዘቡንም በቅሎውንም ያጣልና። የእነዚያ ሰዎች ልጅ ዛሬ መኪና ሲገዛ ግን ቀለሟን አይቶ፣ ቴፑን ከፍቶ፣ ቀብድ ይከፍላል።

ነገሩን ያነሳሁት ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከይፋግ ስለደወለችልኝ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና አራት ወሯ ነው። እሷ አስተማሪ ናት፤ ባሏ ሩዝ ያመርታል። እናቷ፣ ማለትም እህቴ፣ በየወሩ ደብረ ታቦር የሐኪም ክትትል አላት። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠራት። ሚኒባስ የለም፤ ባጃጅ በዚያ ሰዓት ያንን ዳገት አይሞክረውም። የደረሱት ሲነጋ ነው። እህቴ ተረፈች። ልጅቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና ካልገዛሁ ብላ ቆርጣለች። የሩዙ ሽያጭ፣ የዕቁቡ ዕጣና ውጭ ያለው ወንድሟ የላከላት ሲደመር የአንድ ትንሽ አሮጌ መኪና ዋጋ ሆነ። ይህ ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ አይሰበሰብም።

«አጎቴ፣ አንቱ ስንት ዘመን ነድተዋል፤ ባሕር ዳር አንድ ደላላ ቪትዝ አሳይቶኛል፤ ቀብድ ልክፈለው?» አለችኝ።

«መንገድሽ ከየት የት ነው?» አልኳት።

«እኔ ስለ መኪና ስጠይቅዎ እርስዎ ስለ መንገድ ይጠይቁኛል?» ብላ ሳቀች።

የጠየቅኳት ለቀልድ አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰፈር መሥሪያ ቤት ለሚመላለስ ሰው የሚሆን መኪና ለይፋግ ላይሆን ይችላል። ከወረታ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት ግን ከፎገራ ሜዳ ተነስታችሁ፣ በዓለም በር አድርጋችሁ፣ ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትወጣላችሁ። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ የቤንዚን ሞተር የሚተነፍሰው ያንሰዋል። 1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል ብላችሁ ያዙት። ስለዚህ ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ ፋብሪካው የሰጣት 70 ፈረስ ጉልበት ደብረ ታቦር ስትደርስ 50 ገደማ ይቀራታል። ያውም ሞተሩ አዲስ ከሆነ ነው። ሃያ ዓመት የሠራ ሞተር ይዞ፣ አምስት ሰው ጭኖ፣ አንዷ ታማሚ ሆና፣ ከፊት አንድ አይሱዙ እያዘገመ ዳገቱን አስቡት። አዲስ ሾፌር ደርቦ ለማለፍ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

(አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ያስጎተቱት ከፊት ከፊቱ መንገድ እያስጠረጉ ነበር። ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። እኛ አገር ከባድ ነገር በመንኮራኩር ያንቀሳቀሰ ሰው ሁሉ ከጭነቱ በፊት መንገዱን ማሰብ ነበረበት።)

መውረዱ ደግሞ ሌላ ነው። አዲስ ነጂ ቁልቁለት ላይ እግሩን ከፍሬን አያነሳም። ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲረግጡት ይለሰልሳል እንጂ አይዝም። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ ይሉ ነበር የድሮ ሾፌሮች። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ከሆነም «ኤል» ወይም «2» የሚለው ቦታ የተሠራው ለዚህ ነው፤ ስትገዙ እሱ መሥራቱን ሞክሩ። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ለሚገባ ሰው ደግሞ በክረምት የፎገራ መረሬ አፈር አለ። ሆዷ መሬት የሚነካ መኪና እዚያ ውስጥ ከገባች በበሬ ነው የምትወጣው።

ስለ ዋጋው ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል አይገባም አለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ የቤንዚን መኪና ተተኪ የሌለው ዕቃ ሆነ፤ ሻጩም ይህን ያውቃል። በሌላው ዓለም መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል። እኛ ዘንድ ሰው አምስት ዓመት ነድቶ ከገዛበት በላይ ይሸጣል። ደላላውም «ዛሬ ካልገዛሽ ነገ ትጨምራለች» የሚለው ለዚህ ነው። ይህ አባባል እውነትነት ስላለው ነው አደገኛ የሚሆነው። ሰውን ያጣድፋል፤ የተጣደፈ ሰው ደግሞ ኮቴ አያነሳም።

ወደ ቪትዟ ልመለስ። ቪትዝ የሚለው ቶዮታ በጃፓን ገበያ የሚጠቀምበት ስም ነበር፤ ለሌላው ዓለም ሲሸጣት ያሪስ ይላታል። የጃፓን መኪና ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ታዲያ በግራ የምትነዳ ቪትዝ ስታዩ «መሪውን ማን አዞረው? የትስ ተዞረ?» ማለት ያስፈልጋል። በደንብ የተዞረ አለ፤ እንደነገሩ የተዞረም አለ። ኮፈኑን አስከፍታችሁ፣ ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ላሜራ ላይ የብየዳ ጠባሳ ፈልጉ። ዳሽቦርዱ የተገጣጠመበትን መስመር በጣታችሁ ተከተሉ። ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ካልጠፋ፣ ወይም ጭራሹን ካልበራ፣ ኤርባግ የለም ብላችሁ አስቡ። መሪውን እስከ ጥግ ግራና ቀኝ አዙሩት፤ የሚያንቋቋ ወይም የሚከብድ ከሆነ ተዉት። ልጄ የምትነዳት መኪና መሪ ብየዳ ላይ የቆመ እንዲሆን አልፈልግም፤ የእናንተም እንዲሆን አልመኝም።

የቀረውን ምርመራ ጥሩ መካኒክ ያውቀዋል። ደላላው ያመጣውን ሳይሆን እናንተ ራሳችሁ የምትከፍሉትን ማለቴ ነው። ሆኖም መካኒኩ እስኪመጣ ማንም የሚያየው ነገር አለ። ሻጩን «ሞተሩን አታስነሣው፣ መጥቼ ራሴ አስነሣዋለሁ» በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑ ላይ እጃችሁን አሳርፉ፤ ከሞቀ የሚደበቅ ነገር ሊኖር ይችላል። በብርዱ ስትነሣ ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ትበላለች። ነጭና ወፍራም ሆኖ የማያቆም ከሆነ ውኃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። የዘይት ክዳኑን ፍቱት፤ ከሥሩ እንደ እርጎ ያለ ነገር ከተጋገረ ዘይትና ውኃ ተደባልቀዋል ማለት ነውና ወደ ቤታችሁ ሂዱ። የተነዳችበትን ኪሎ ሜትር የሚያሳየውን ቁጥር አትመኑት፤ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሪሲዮንና የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ግን አይመለስም። ሰማንያ ሺህ ብቻ ሄደች የተባለች መኪና መርገጫዋ አልቆ ብረቱ ከታየ የቱን እንደምታምኑ ታውቃላችሁ። ትንሽ ማግኔት በኪሳችሁ ያዙ። በር ላይና ፓራፋንጎ ላይ አስጠጉት፤ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፣ ተጋጭታለች ማለት ነው። ጎማው ላይ አራት አኃዝ ታገኛላችሁ፤ 2319 ከሆነ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ዕድሜው ያለቀ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን ከወረቀቱ አይበልጥም። የእህቴን ልጅ «ሊብሬው በማን ስም ነው?» አልኳት። አላየችውም። ደላላውን ጠይቃ ደወለች። ሊብሬው ውጭ አገር በሚኖር ሰው ስም ነው። ያ ሰው ለአንድ ዘመዱ ውክልና ሰጥቷል። ዘመድየው ለሌላ ሸጦ፣ ለገዢው ውክልናውን አስተላልፎለታል። አሁን የሚሸጥላት ሦስተኛው ሰው ነው። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» ብሏታል ደላላው። እውነቱን ነው፣ ብዙው እንዲህ ይሠራል። ችግር እስኪመጣ ድረስ።

ውክልና የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ይቀራል። ያኔ ወራሾቹ መጥተው «የአባታችን መኪና» ቢሉ፣ የእህቴ ልጅ የሩዙን፣ የዕቁቡንና የወንድሟን ገንዘብ ይዛ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ልትንከራተት ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባች መኪናም አለች፤ ቀረጧ ሳይከፈል ወደማይፈቀድለት ሰው ስም አትዛወርም። የባንክ ዕዳ ያለባት፣ ፍርድ ቤት ያሳገዳት አለች። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሻሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ መኪናዋ ከተመዘገበችበት መሥሪያ ቤት ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አረጋግጡ፤ ቦሎዋ የዘንድሮ መሆኑን እዩ። ውሉን የሚፈርመው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ይሁን። ሻጩ ያገባ ከሆነ ባለቤቱም ትፈርም።

«ባለቤቱን አምጣልኝ በይው» አልኳት። ደላላው አላመጣም። ቪትዟም ቀረች።

«ታዲያ የኤሌክትሪክ ብገዛስ?» አለች ቀጥላ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና አየር አትተነፍስም፤ የደብረ ታቦር ዳገት ጉልበቷን አይቀንሰውም። ቁልቁለት ስትወርድ ባትሪዋን መልሳ ትሞላለች። ቤንዚን ፍለጋ ሰልፍ መዋል፣ በጀሪካን ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ ነገር መግዛት ይቀራል። ነገር ግን ያገለገለች ከሆነች ግማሽ ዋጋዋ ባትሪው ውስጥ ነው ብላችሁ አስቡ፤ የባትሪውን ጤንነት በመሣሪያ ሳያስለኩ መግዛት ጥርሷን ሳያዩ በቅሎ መግዛት ነው። መብራት ሦስት ቀን የሚጠፋበት ሰፈር ላለና ለሌሊት ሕመምተኛ ብሎ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ለጊዜው አልመክርም። መብራቱ አስተማማኝ ሲሆንና ወረታ ላይ የሚጠግናት ሰው ሲገኝ ሐሳቤን እቀይራለሁ።

ባሏ ዲኤክስ ይሻላል ይላል። የዲኤክስን ነገር እኔም እወደዋለሁ፤ የማይፈታት መካኒክ የለም፤ ዕቃዋ በየሱቁ አለ። ግን የ1980ዎቹ የፈረንጅ ዘመን መኪና ናት። ኤርባግ የላትም፤ የኋላ ቀበቶዋ በአብዛኛው ወይ ጠፍቷል ወይ ተቆርጧል። ከኋላ ሁለት ልጅና አንዲት እናት ለሚቀመጡባት መኪና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኔ ምርጫ ከዚያ ወዲህ የተሠራች፣ ባለ 1,300 ወይም ባለ 1,600 ሲሲ ኮሮላ ናት፤ ቀለሟ የተላላጠ ቢሆንም ግድ የለኝም። አዲስ ዘመን ውስጥ እንዲህ ያለች አግኝተዋል። ሊብሬው በሻጩ በራሱ ስም ነው። ከወረታ መካኒክ ይዘው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ሊያዩዋት ተቀጣጥረዋል። ከተስማማቻቸው እህቴን ከኋላ አስቀምጠው እስከ ዓለም በር አቀበት ድረስ ይሞክሯታል።

ለአዲስ ነጂዎች አንድ ነገር ልጨምር። ካላችሁ ገንዘብ አንድ አምስተኛውን አትንኩት። መኪናዋ ከተገዛች በኋላ የስም ማዛወሪያ አለ፤ ዘይትና የፍሬን ሸራ መቀየር አለ፤ ምናልባትም አራት ጎማ። በሕግ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። እሱ የሚከፍለው ግን ለጎዳችሁት ሰው እንጂ ለራሳችሁ መኪና አይደለም፤ አቅም ካለ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉውን ግቡ፤ አዲስ ሾፌር የሚጋጨው በመጀመሪያው ዓመት ነውና። ማታ የርብን ድልድይ ስታልፉ ከብት ከእርሻ ይመለሳል፤ ፍጥነት ቀንሱ። ቅያሬ ጎማው ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩም ኮፈኑ ውስጥ ሳይሆን ከኋላ ሻንጣው ውስጥ መኖሩን ሳታዩ ከወረታ አትነሡ። ከዓለም በር በላይ በሌሊት ጎሚስታ ማግኘት ዘበት ነው።