ስለ ሦስት የብረት ፊደላት

ባለፈው ሳምንት በኅብረታችን የሻይ ክፍል ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ምክንያቱ እኔ ከአሜሪካ ይዤው የመጣሁት ፎቶግራፍ ነው። በፎቶግራፉ ላይ በ1965 የተሠራ አንድ ፖንቲያክ መኪና ከአሮጌ የእንጨት ጋራዥ ፊት ቆሞ ይታያል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ)። በኋለኛው ጐኑ ላይ ጂ፣ ቲ፣ ኦ የሚሉ ሦስት የብረት ፊደላት ተተክለዋል። አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ወዳጄ ፎቶግራፉን ካገላበጠ በኋላ «እነዚህ ሽማግሌዎች ለሦስት ቍራጭ ብረት ይህን ያህል የሚጨነቁት ሥራ ስላጡ ነው» ብሎ ፈረደ። አብረውን የነበሩት መምህራችን ደግሞ ፈገግ ብለው፣ «ሞተሩ ያው ከሆነ ፊደሉ ምን ይጨምራል?» ሲሉ ጠየቁኝ። የወዳጄን ፍርድ በሣቅ ማለፍ ይቻላል። የመምህሩ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሣኝ፤ ምክንያቱም እነዚያን ፊደላት ለመትከል ላሜራውን የበሳሁት እኔው ነኝ።

በመጀመሪያ ነገሩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። አሜሪካኖች «መስል ካር»፣ ማለት ጡንቸኛ መኪና፣ የሚሉት በ1960ዎቹ ዓመታት የዲትሮይት ፋብሪካዎች በመካከለኛ የቤተሰብ መኪና ውስጥ የትልቁን መኪና ሞተር እያስገቡ፣ ወጣት ገዢ ሊደርስበት በሚችል ዋጋ የሸጡትን ዓይነት ነው። ከውጭ ለሚያየው ጐረቤት ልጆቹን ትምህርት ቤት ከሚያደርስበት መኪና ብዙ አይለይም። ልዩነቱ ያለው ከኮፈኑ ሥር ነው፤ ኮፈን ደግሞ ተዘግቶ ይሄዳል። በትራፊክ መብራት ላይ አጠገብህ የቆመው ሰው በምን እንደምትነዳ የሚያውቀው በጐንህ ላይ ከተተከለው አርማ ነው። ዉድዋርድ በሚባለው ሰፊው የዲትሮይት ጐዳና ላይ ወጣቶች በሌሊት ይሽቀዳደሙ በነበረበት ዘመን፣ «396» ወይም «ሄሚ» የሚል ጽሕፈት ያነበበ ሰው ወይ ነዳጁን ይረግጣል፣ ወይ ዓይኑን ወደ ሌላ ይመልሳል። ስለዚህ አርማው ጌጥ ሆኖ አልተወለደም። ማስጠንቀቂያ፣ ለደፋሩም ግብዣ ሆኖ ነው የተወለደው።

የጂ.ቲ.ኦ. ታሪክ ራሱ የሚያስቅ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1963 መጀመሪያ ላይ በሥሩ ያሉት ፋብሪካዎች በእሽቅድምድም እንዳይሳተፉ ከለከለ። መካከለኛ መኪና ከ330 ኩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገባበትም ደንብ ነበረው። በፖንቲያክ ዋና መሐንዲስ የነበሩት ጆን ደሎሪያን ከባልደረቦቻቸው ከቢል ኮሊንስና ከራስ ጊ ጋር ሆነው ባለ 389ኙን ሞተር በመካከለኛው መኪና ላይ ገጥመው ቢያዩት ልክ ሆኖ ገባ። ደንቡ የሚቈጣጠረው አዲስ የሚወጣ የመኪና ዓይነትን እንጂ ገዢው በተጨማሪ ዋጋ የሚያዝዘውን ዕቃ አልነበረም። ስለዚህ በ1964 ሌማን ለሚባለው ሞዴል ወደ 295 ዶላር ገደማ የሚጠይቅ «ተጨማሪ ዕቃ» አድርገው አወጡት። ስሙንም ከኢጣልያው ፌራሪ ወሰዱት። «ግራን ቱሪዝሞ ኦሞሎጋቶ» ማለት ለእሽቅድምድም ተመርምሮ የተፈቀደ ማለት ሲሆን፣ የፖንቲያኩን መኪና ግን ለእሽቅድምድም የመረመረውም የፈቀደውም አልነበረም! የሽያጭ ሹሙ ከአምስት ሺሕ በላይ አይሸጥም ብለው ነበር፤ በዚያው ዓመት 32,450 ተሸጠ።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ ደስ እንደሚለው ዐውቃለሁ፤ እንዲያውም ልጨምርለት። በመኪናው የፊት ፓራፋንጎ ላይ የተለጠፈው ሌላው አርማ «6.5 ሊትር» ይላል። 389 ኩቢክ ኢንች ወደ ሊትር ሲለወጥ 6.4 እንኳ በደንብ አይሞላም፤ ማንም የአንደኛ ዓመት ተማሪ አስልቶ ሊያየው ይችላል። «ካር ኤንድ ድራይቨር» የተባለው መጽሔት በመጋቢት 1964 ይህን መኪና ከፌራሪው ጋር አነጻጽሮ እጅግ አመሰገነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን የፖንቲያክ ማስታወቂያ ሰው የነበሩት ጂም ዋንገርስ፣ ለመጽሔቱ የተሰጠው መኪና በ389ኙ ፈንታ 421 ኩቢክ ኢንች ሞተር ተደብቆበት እንደ ነበር ራሳቸው ተናገሩ።

የሌሎቹም ፋብሪካዎች ነገር ከዚህ አይሻልም። ኦልድስሞቢል በ1964 «4-4-2» የሚል አርማ ሲያወጣ ትርጕሙ ባለ አራት ጕሮሮ ካርቡራተር፣ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮና ሁለት የጭስ ማውጫ ማለት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አውቶማቲክ ካምቢዮም መሸጥ ስለ ፈለጉ ቍጥሮቹን ሳይነኩ ትርጕሙን ለወጡት፤ የመጀመሪያው አራት የ400 ኩቢክ ኢንች ሞተር ምልክት ነው ተባለ። ሸቭሮሌ በ1970 ሞተሩን ወደ 402 ኩቢክ ኢንች አስፍቶት ሳለ፣ ሕዝቡ የለመደው ቍጥር ይሻላል ብሎ በሸቬሉ ላይ «396» እያለ መሸጡን ቀጠለ። ይህስ የሚዋሸው ወደ ታች ስለሆነ ይቅር ይባልለት። በ1972 ግን የኢንሹራንስ ዋጋና የጭስ ሕግ ሁሉንም ሲያዳክም፣ ኤስ.ኤስ. የሚለው አርማ 130 የፈረስ ጉልበት ባለው በ307ቱ ሞተር ላይም ይለጠፍ ጀመር። በ1976 ደግሞ ፎርድ «ኮብራ» የሚል ስምና ረጃጅም መስመር የተቀባበትን መስታንግ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አስገብቶ ሸጠ። በአንጻሩ ግን በ1967 የወጣውና ዛሬ በብርቱ የሚፈለገው የመጀመሪያው ካማሮ ዚ/28 ስሙን የሚናገር አንድም አርማ አልነበረበትም። የሚለየው በኮፈኑና በኋላው ክዳን ላይ በተቀባው ሰፋፊ መስመር ነበር።

እንግዲህ ፋብሪካው ራሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ ሲያጭበረብር ከኖረ፣ ባለቤቶቹ ለአርማው ለምን ይሟገታሉ? በበኩሌ መልሱ እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ቃሉን የሰጡት ሞተዋል፤ ፕሊመዝ በ2001፣ ኦልድስሞቢል በ2004፣ ፖንቲያክ በ2010 ተዘግተዋል። ዛሬ አርማው እውነት መሆኑንና አለመሆኑን የሚጠብቁት በየጋራዡ ያሉት ባለቤቶች ናቸው። ጠባቂነታቸውም በወሬ አይደለም። የፖንቲያክን የፋብሪካ መዝገብ ቅጂ እየፈለገ የሚሰጥ ድርጅት አለ፤ ለፎርድም እንዲሁ። በክራይስለር መኪና ላይ የሻንሲ ቍጥሩ አምስተኛ ምልክት የሞተሩን ዓይነት ይናገራል። የአሜሪካ ሸቭሮሌ ባለቤት ግን እንዲህ ያለ መዝገብ ስለማያገኝ፣ ሠራተኞቹ መኪናውን ሲገጣጥሙ ይመሩበት የነበረውን ወረቀት ፍለጋ ወንበሩን ይፈታል፣ የቤንዚኑን ታንክ ያወርዳል። አይጥ የበላው፣ ዝገት ያቀለመው ያ ወረቀት ከታንኩ አናት ላይ ተጣብቆ ሲገኝ አንድ የስድሳ ዓመት ሰው ዕንባ ሲያወጣ ዐይቻለሁ። (ስለ ሌላ ዓይነት የምስክር ወረቀት ማንሣት የዛሬው ርእሴ አይደለም።)

ጉልበት ፍለጋ ነው የሚለው ክርክር ደግሞ ጨርሶ አያስኬድም። የ1965ቱ ጂ.ቲ.ኦ. በተራው ካርቡራተር 335 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ይህም የተለካው ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ፣ ሸክሙ ሁሉ ተቃልሎለት ነው። በ2018 የወጣው ባለ ስድስት ሲሊንደር ቶዮታ ካምሪ በዛሬው ጥብቅ አለካክ 301 አለው። የሒሳብ ሠራተኛ ወደ ቢሮው የሚሄድበት መኪና ዛሬ ያንን ጀግና ሊያስከትለው ይችላል፤ ባለቤቶቹም ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ ልመለስ። ባለፈው ዓመት ለትምህርት ሚሺጋን በቈየሁበት ጊዜ የተከራየሁት ከአንድ ጡረተኛ ቤት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በጋራዣቸው ውስጥ አግዛቸው ነበር። ሞተሩ የተቃጠለ የ1965 ሌማን ገዝተው፣ ከሌላ ከተጣለ ፖንቲያክ ያወጡትን 389 ሞተር ገጠሙበት። ካምቢዮውንም፣ አየር ማስገቢያ ያለበትን ኮፈንም እየፈለጉ አሟሉ። መጨረሻ ላይ የሌማንን ጽሕፈት አውልቀን ቀዳዳውን በብየዳ ደፈንነውና መሰርሰሪያውን ለእኔ ሰጡኝ። ልኬቱን ሦስት ጊዜ አስለኩኝ። «ለዓይኔ ነው» አሉኝ። ነዳጅ ስንቀዳ ሰዎች እየቀረቡ «እውነተኛ ጂ.ቲ.ኦ. ነው?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «አይደለም፤ የወንድሙን ካፖርት የለበሰ ሌማን ነው» እያሉ ይመልሱ ነበር። ይህን መልስ ሲሰጡ አንድም ቀን ሲያፍሩ አላየሁም።

መምህሬ ሆይ፤ ጥያቄዎ እንግዲህ በዚህ መኪና ላይ በትክክል ያርፋል። ሞተሩ ያው ነው፣ ድምፁ ያው ነው፣ ፍጥነቱም ያው ነው። ፊደሉ ምን ይጨምራል? እኔ የደረስሁበት ይህ ነው። ሞተሩ ስለ ዛሬ ይናገራል፤ የተጠራጠረ ኮፈኑን ከፍቶ ያየዋል። ፊደሉ ግን «በ1965 አንድ ሰው ከሻጩ ፊት ቆሞ፣ ከደመወዙ ላይ ያን ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ፣ እንዲህ ሆኜ እንድሠራ አዘዘ» ብሎ ስላለፈው ነገር ይመሰክራል። ያለፈው ነገር ኮፈን የለውም፤ ተከፍቶ አይታይም። ስለዚህ ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ መዋሸት የሚችለው አርማው ብቻ ነው (የማይል ቈጣሪውን ካልጨመርነው!)። ደካማ ሞተር ብርቱ ነኝ ቢል ዳገቱ ያጋልጠዋል፤ አርማ ግን የሚያጋልጠው ዳገት የለውም። ባለቤቶቹ እንዲህ የሚቈጡለት ሌላ ጠባቂ ስለሌለው ነው።

አስመስሎ መሥራትን ግን በደፈናው አላወግዝም። ወረቀት ያለው መኪና ዋጋው ጣራ ነክቷል፤ በ2014 አንድ ሄሚ ሞተር ያለው ክፍት ፕሊመዝ ባራኩዳ በጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ተራ ሠራተኛ የወጣትነቱን መኪና በእጁ አስመስሎ ቢሠራ፣ ለጠየቀውም እውነቱን ቢናገር፣ ሊከበር ይገባዋል። የምቈጣው በሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው አስመስሎ ሠርቶ ዝም ብሎ የሚሸጠው ነው። ሁለተኛው ባለ አርማው ካልሆነ ሰላምታ የማይሰጠው ኵሩ ነው፤ እርሱ ተራውን ሌማን ስለ ናቀ ሁሉም ሌማኑን ጂ.ቲ.ኦ. ለማድረግ ይሯሯጣል። በዚህ ዓይነት ከፋብሪካ እንደ ወጣ የቀረ ተራ ሌማን ከባለ አርማው ይልቅ እየጠፋ ነው። እኔም አንዱን ካጠፉት መካከል ነኝ።

በጸደይ ወራት የአከራዬ ባለቤት ታመሙና ለሕክምናው ገንዘብ ስላስፈለገ መኪናው ለሽያጭ ወጣ። አንድ ገዢ ከኦሃዮ መጣ። መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞረው፤ ተንበርክኮ ሥሩን አየ፤ የሻንሲውን ቍጥር አነበበ። የዚያ ዓመት ቍጥር በሌማኑም በጂ.ቲ.ኦ.ውም ላይ በ237 ስለሚጀምር ምንም አይገልጥም፤ ለብቻው 242 የሚል መለያ የተሰጠው በ1966 ነው። ገዢው በሌላ ጊዜ ሁሉም ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ አልጠየቀም። ወረቀትም አላነሣም። ቍጥሩን አንብቦ፣ ፊደላቱን በእጁ ዳስሶ፣ ገንዘቡን አወጣ። አከራዬ ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመብኝ። ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ እኔ ደግሞ መሬት መሬቱን አየሁ። ንገሩት ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም፤ ይህን ስጽፍም አፍራለሁ።

«ከመቍጠርህ በፊት» አሉት በመጨረሻ፤ «ሌማን ነው። ቀዳዳውን የበሳው ይህ ልጅ ነው።»

ዋጋው ከሦስት እጅ አንዱ ወደቀ። ሰውዬው ጥቂት አስቦ በዚያው ዋጋ ገዛው። አከራዬ መፍቻ አቀበሉኝና ፊደላቱን ከሁለቱም ጐን አወለቅሁ። ልወስዳቸው ስል ገዢው እጁን ዘረጋ፤ በወረቀት ከረጢት አድርገን ሰጠነው፤ ከአጠገቡ ወንበር ላይ አስቀመጠው። መኪናው ከግቢው ሲወጣ በጐኑ ላይ እኔ የበሳኋቸው ቀዳዳዎች ይታዩ ነበር። ከረጢቱን ቤቱ ሲደርስ ምን እንዳደረገው አላውቅም።