ወተቱን ከመወንጀላችን በፊት

ከአዋሽ ወዲያ ያለውን ቆላ አቋርጠው ሚኤሶ ሲደርሱ፣ የግመል ወተት የያዙ ሴቶች መንገድ ዳር ያገኛሉ። የወተቱ ዕቃ በጭስ ስለሚታጠን ጠረኑ ከሌላ ወተት ይለያል። ዳገቱን ወጥተው ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ጭሮ፣ ወደ ድሮዋ አሰበ ተፈሪ፣ ሲገቡ ደግሞ የላሙም የግመሉም ወተት በአንድ ከተማ ይገናኛሉ። በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ፣ ጡት ለሚተው ልጅ መጀመሪያ የሚታሰብለት ነገር ወተት ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ለሚኖር ወላጅ «ልጄን ወተት አልስማማው አለ» ማለት ቀላል ጭንቀት አይደለም።

እስቲ ይህን ያስቡ። ልጅዎ ዓመት ከስምንት ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ብርቱ ተቅማጥ ይዞት ሰነበተና ተሻለው። እርስዎም «ጎድቶታል፣ ይጠገንልኝ» ብለው የለመደውን ወተት በብርጭቆ ሰጡት። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሆዱ ተነፋ፣ አጉረመረመ፣ ልጁ እግሩን ወደ ሆዱ እየሰበሰበ አለቀሰ። ከዚያም ውሃ የመሰለ፣ አረፋ ያለውና ኮምጣጣ የሚሸት ሰገራ ወጣው። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ።

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አያት «ጥርስ እያበቀለ ነው» ይላሉ። ጎረቤት «የግመል ወተት ይሞከርለት፣ መድኃኒት ነው» ትላለች። ሌላዋ «ግግ ነው፣ ይነቀልለት» ትላለች። አባት ደግሞ ተስፋ ቆርጦ «ከዛሬ ጀምሮ ወተት የሚባል ነገር እዚህ ቤት አይግባ» ይላል። ሁሉም የሚናገሩት ለልጁ አስበው ነው። ነገር ግን ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ አለ፦ ከወተቱ በፊት ምን ነበር?

ሆድ ውስጥ ምን ይሆናል?

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ሰውነት ይህን ስኳር እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም፤ መጀመሪያ ግሉኮስና ጋላክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ትናንሽ ስኳሮች መሰንጠቅ አለበት። ይህን ሥራ የሚሠራው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ላክቴዝ የሚመረተው በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ እንደ ከፋይ ጨርቅ ፀጉር በቆሙት ጥቃቅን ጣቶች ጫፍ ነው።

ላክቴዝ ሲያንስ ላክቶሱ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ሰገራውም ይቀጥናል። በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ስኳሩን ያብላሉታል፤ ከዚህም ጋዝና አሲድ ይፈጠራል። ሆድ የሚነፋው በጋዙ ነው። ሰገራው የሚኮመጥጠውና የልጁ መቀመጫ ቀልቶ የሚላጠው በአሲዱ ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። እንደ ሮታ ቫይረስና ጃርዲያ ያሉ የተቅማጥ መንስኤዎች የሚጎዱት እነዚያኑ ጥቃቅን ጣቶች ነው። ጫፋቸው ሲጎዳ ላክቴዝም አብሮ ይቀንሳል። ተቅማጡ ቢያቆምም አንጀቱ ገና አላገገመም፤ ወተቱ የመጣበት ባልተዘጋጀበት ሰዓት ነው። ሐኪሞች ይህን «ተከታይ» የላክቶስ አለመስማማት ይሉታል። ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንጀቱ ሲጠገን አብሮ ያልፋል። የምግብ እጥረት የጎዳውን ልጅም ይኸው ችግር ሊይዘው ይችላል።

ታዲያ «በዘራችን ነው» የሚባለውስ?

እሱም እውነት ነው፤ ጊዜው ግን ይለያል። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ልጅነታቸው ካለፈ በኋላ ላክቴዛቸው የሚቀንስ ናቸው። ይህ በሽታ ሳይሆን ተፈጥሮ ነው። ለዘመናት ከብትና ግመል ባረቡ ሕዝቦች ዘንድ ግን ላክቴዝን እስከ ሽምግልና የሚያቆይ የዘረመል ለውጥ በብዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ የወጣ ጥናት ደግሞ ኢትዮጵያውያን ይህን ችሎታ ያገኙት በአንድ ሳይሆን በተለያዩ የዘረመል ለውጦች መሆኑን አሳይቷል። አንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ወተት ጠጥቶ ደህና ሲያድር ሌላው ሲነፋ የምናየው ለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ በዘር የሚመጣው ዓይነት ከሁለት ዓመት በፊት እምብዛም አይታይም፤ ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚጀምረው ከዚያ ከፍ ሲል ነው። ከውልደት ጀምሮ ላክቴዝ የሌለው ልጅ ደግሞ እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ አባት ወተት ስለማይስማማው ብቻ የዓመት ከስምንት ወር ልጁም እንደ እሱ ነው ማለት አይቻልም። በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ያለፈው ተቅማጥ ነው።

ምልክቱን እንዴት እንለየው?

የላክቶስ አለመስማማት ምልክት ብዙ ጊዜ ወተት ከተጠጣ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፦ የሆድ መንፋት፣ ጉርምርምታ፣ ቁርጠት፣ ብዙ ጋዝ፣ ቀጭንና አረፋማ ሰገራ። በመጠንም ይወሰናል፤ በጥቂት ወተት ደህና ሆኖ በብዙ ወተት የሚታመም ልጅ አለ።

ከዚህ ጋር የሚምታታው የወተት አለርጂ ነው። አለርጂ የሚነሳው ከስኳሩ ሳይሆን ከወተቱ ፕሮቲን ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚጀምረው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ቆዳ ላይ ሽፍታ፣ የከንፈር ወይም የፊት እብጠት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ በሰገራ ደም ወይም ንፍጥ መታየት፣ ሲተነፍስ ሲር ሲር ማለት የአለርጂ ምልክቶች ናቸው። አለርጂ በጥቂት ጠብታም ሊነሳ ይችላል፤ የትንፋሽ መጨነቅ ካለ ደግሞ ደቂቃ የማይሰጥ ነገር ነው። ስለዚህ እነዚህን ካዩ በቤት ውስጥ ሙከራ አያድርጉ፤ በቀጥታ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ የሚያበዛ ታዳጊ ወተት ባይቀምስም ሰገራው ይቀጥናል። ወተቱን ከመወንጀልዎ በፊት በቀን ስንት ብርጭቆ ጭማቂ እንደሚጠጣ ይቁጠሩ።

የግመል ወተትስ?

ለሐረርጌ ወላጅ ይህ ዋናው ጥያቄ ነው። የግመል ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ላክቶስ አለው፣ መጠኑም ከላም ወተት ብዙ አይርቅም። የፍየልም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ልጁን ያስቸገረው ላክቶስ ከሆነ ከላም ወደ ግመል መቀየር መፍትሔ አይሆንም። ፕሮቲኑ ከላም ወተት ስለሚለይ ከላም ወተት አለርጂ ጋር ስሙ ይነሳል፤ ያም ቢሆን በሐኪም ምክር እንጂ በግምት የሚሞከር አይደለም።

ማፍላትም ላክቶስን አያጠፋም። የማፍላት ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን ሊያስተላልፍ ይችላል። ለልጅ የሚሰጥ ማንኛውም ወተት፣ የግመልም ቢሆን፣ መፍላት አለበት። በውሃ ማቅጠንም አይጠቅምም፤ ልጁ የሚያገኘውን ምግብ ይቀንሳል እንጂ አንጀቱን አይጠግንም። የዱቄት ወተትም ማምለጫ አይሆንም፤ ከ100 ግራም ሙሉ ክሬም የዱቄት ወተት ውስጥ 38 ግራም ያህሉ ላክቶስ ነው።

በቤትዎ ምን ያደርጋሉ?

መጀመሪያ፣ የሚጠባ ልጅ ጡቱን አይተው። የእናት ወተት ከላም ወተት የበለጠ ላክቶስ አለው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 7 ግራም ገደማ፣ የላሙ ግን 5 ግራም ገደማ ነው። ሆኖም ሕፃናት በደንብ ይቋቋሙታል፤ በተቅማጥ ጊዜም የሚያድናቸው እሱው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ይመክራል። «ወተት አልተስማማውም» ተብሎ ጡት ማስጣል ትልቁ ስህተት ነው።

ሁለተኛ፣ ተቅማጡ ካለ መጀመሪያ እሱ ይታከም። ኦ.አር.ኤስ እና ዚንክ ከጤና ጣቢያ ይውሰዱ፤ ከስድስት ወር በላይ ላለ ልጅ ዚንኩ በቀን 20 ሚሊ ግራም ሆኖ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ተቅማጡ ቢያቆምም ዚንኩን አያቋርጡ። ምግብም አይከልክሉት።

ሦስተኛ፣ ዓመት ለሞላው ልጅ ሙከራ ያድርጉ። ከጡት በስተቀር ወተትንና ወተት ያለባቸውን ምግቦች ለሁለት ሳምንት ያቁሙ። ብስኩትና የታሸገ የሕፃናት ምግብ ውስጥ የዱቄት ወተት ሊኖር ስለሚችል የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ። በየቀኑ የበላውን፣ የሰገራውን ብዛትና የሆዱን ሁኔታ በደብተር ይጻፉ። ከተሻለው ወተቱን በጥቂቱ፣ ሩብ ብርጭቆ ያህል፣ ከምግብ ጋር ይመልሱ። ምልክቱ ከተመለሰ ለተጨማሪ ሳምንታት ይታገሡ፤ ካልተመለሰ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። የሚሞክሩት ለዕድሜ ልክ ለመከልከል ሳይሆን ለመመለስ መሆኑን አይርሱ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን የሚጠጣውን ፎርሙላ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀይሩ።

እርጎ፣ አይብና ጎመን

እናቶቻችን ወተትን ማርጋት ያወቁት ላክቶስ የሚባል ስም ሳይሰሙ ነው። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ የላክቶሱን ከፊል ቀድመው ይበሉታል፤ ቀሪውንም አንጀት ውስጥ ሲገቡ ለመፍጨት ያግዛሉ። ተቅማጡ ለቆየበት ልጅ በወተት ፋንታ እርጎ መስጠት በዓለም ጤና ድርጅት የሕፃናት ሕክምና መመሪያም ያለ ምክር ነው። ጥንቃቄው አንድ ነው፦ ወተቱን መጀመሪያ ያፍሉ፣ ለብ ሲል እርሾውን ይጨምሩ፣ በንጹሕ ዕቃ ይከድኑ። አይብ ሲወጣ ደግሞ ብዙው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ ቅቤ ውስጥ ያለው ከቁጥር አይገባም።

ወተት በቀነሰበት ጊዜ ካልሲየሙ ከሌላ ይምጣ። ጤፍ ከብዙ እህሎች የተሻለ ካልሲየም አለው። ጎመን፣ የተፈጨ ሰሊጥ፣ ከነአጥንቱ የሚበላ የሣርዲን ዓሣም ይረዳሉ። የማሽላ ወይም የጤፍ ገንፎ በቅቤ፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ የተፈጨ ምስር፣ ሙዝና ፓፓያ ጨምረው ያብሉት። የጠዋት ፀሐይም ለቫይታሚን ዲ ያስፈልገዋል።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም

ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ፣ ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳቱ ከበረታ፣ ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላው ወይም ክብደቱ ከቀነሰ ቤት አይቆዩ። ሐኪሙ ሰገራውን ለጃርዲያና ለአሲድነት ሊያስመረምር፣ ክብደቱን በዕድገት ካርዱ ላይ ሊያይ ይችላል። የጻፉትን ደብተር ይዘው ይሂዱ፤ ግማሹን ምርመራ እሱ ይሠራል።

ግግ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥን በተመለከተ ግን መሐል ቤት የለም። የድድ ቁስል አንጀት አያድንም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ግን ሕፃናትን ገድሏል። ተቅማጥን መከላከል ከፈለጉ እጅ በሳሙና መታጠብ፣ የፈላ ውሃ፣ ንጹሕ ጡጦ (ቢቻል በኩባያ መተካት) እና ክትባት አሉ። የሮታ ቫይረስ ክትባት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን መደበኛ ክትባት ውስጥ ገብቶ በጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።

እንግዲህ አያት «ጥርስ ነው» ሲሉ አይቆጧቸው፤ ደብተሩን ያሳዩዋቸው። ጎረቤትዎ የግመል ወተት ስታመጣም አመስግነው ይቀበሉ። አፍልተው እርስዎ ይጠጡት፤ ለልጁ ደግሞ አንጀቱ እስኪያገግም የረጋውን ያስቀምጡለት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እሱም ብርጭቆውን ዘርግቶ ይጠይቅዎታል።